የሃያ አራት ማንኪያ መስታወት

እጄ ሥራ ሲፈታ አፌ ሥራ ይጀምራል። እናቴ ይህን ጠባዬን ገና በልጅነቴ ስላወቀችው እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚፈለቀቅ ጥጥ ታስይዘኝ ነበር። አስተማሪ ሆኜ ቦንጋ ስመደብ ግን ጥጥ የሚያስይዘኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት ከርእሰ መምህሩ አንሥቶ እስከ ዘበኛው ድረስ ከሁሉም ጋር ስነታረክ አሳለፍኩት። በሁለተኛው ዓመት ማንኪያ ተገኘና ሁላችንም ተገላገልን።

ነገሩ የተጀመረው ደመወዝ በወጣ ቁጥር መምህራን ሰብሰብ ብለን ምሳ በምንበላበት ሆቴል ጓሮ ነው። እጄን ልታጠብ ብወጣ ወጥ ቤት የምትሠራው ሴት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማንኪያና ሹካ ወደ ቆሻሻው ጉድጓድ ስትጎትት አየኋት። ባለቤቱ ከጅማ አዲስ ስላስመጡ አሮጌው ይጣል ተብሏል አለችኝ። ከፍቼ ባየው ግማሹ የተጣመመ፣ ጥርሱ የረገፈ፣ እጀታው የተሰበረ ነው፤ ግማሹ ግን አርጅቶ ከመደብዘዙ በቀር ምንም አልሆነም። ብክነት ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለቤቱ ዘንድ ገብቼ ለትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። ውሸቴን ነበር። በዚያን ጊዜ ግን በየስብሰባው መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ ቁሳቁስ ይሠራ እየተባለ ስለሚለፈፍ ይህን ቃል ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። ባጃጅ ገና ቦንጋ ስላልገባ ማዳበሪያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቁልቁለቱን ወረድኩ። በተራመድኩ ቁጥር ስለሚንኳኳ ሰው ሁሉ ከበሩ ብቅ እያለ አየኝ።

ቤት ካደረስኩት በኋላ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። አልጋዬ ሥር ሁለት ሳምንት ከረመ። አንድ ቀን ከስብሰባ ተናድጄ ገባሁና አንዱን ሹካ አንሥቼ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ አጠፍኳቸው። ንዴቴ ሲበርድ እጄ ላይ ያለው ነገር መስቀያ ሆኖ ነበር። ግድግዳው ላይ በምስማር መታሁትና ቦርሳዬን ሰቀልኩበት። ቻለው። በማግሥቱ አምስት ሹካ አጠፍኩ፤ ከስብሰባ ሳልመጣ፣ ሳልናደድ።

ቀስ በቀስ የየብረቱን ጠባይ ለየሁ። አሉሚኒየሙ ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ካጠፉት ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የማይዝገው ብረት ግትር ነው፤ አጥፈው እጅዎን ሲያነሡ ተመልሶ ይቃናል። ከሁሉም የምወደው ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን፣ ከላይ ነጭ ተቀብቶ ውስጡ ናስ የሆነውን ከባዱን አሮጌ ማንኪያ ነው። ከሰል ላይ እስኪቀላ አግለው፣ አቀዝቅዘው በጉጠት ቢይዙት እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ግንድ ላይ አድርጎ በመዶሻ ማለስለስ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በአመድና በሎሚ መፈተግ ነው። ነጩ ሲለቅ ቢጫው ብቅ ይላል፤ ያኔ ማን ማንኪያ ነበር ይለዋል። ቀዳዳ የሚበሳልኝ መንገድ ዳር የነበረው በያጅ ነው። መብራት ካለ በነጻ፣ መብራት ከሌለ ደግሞ ስለ መብራት አጥብቆ እያማረረ ያስቀምጥልኝ ነበር።

ለርእሰ መምህሩ የቁልፍ መስቀያ ሠራሁላቸውና ታረቅን። ለመምህራን ክፍል የሻማ ማስቀመጫ፣ ለቤተ መጻሕፍቷ የመጻሕፍት መደገፊያ፣ ለዘበኛው የባትሪ መብራቱ ማንጠልጠያ ተሠራ። ከአራት ማንኪያና ከአንድ ጭልፋ አበባ ሠርቼ ብርጭቆ ውስጥ ባቆም የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ አዩት። አሮጌ ማንኪያቸውን የሚያመጡልኝም በዙ። ጓደኞቼ በበኩላቸው እኔን ቤት የሚጠሩ ሁሉ ማንኪያቸውን ቆልፈው እንዲጠሩ እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሳይቀር መጥቶ ከዘጠኝ ሰው ጋር ተደራጂ አለኝ። በዚያን ዘመን ሰው ቢያስነጥስም ተደራጅ ይባል ነበር። እኔ ከአንድ ሰው ጋር ሰላም ማደር የማልችል ሴት ከዘጠኝ ሰው ጋር ስደራጅ ይታያችሁ። አመስግኜ የቢላዋ እጀታ የሆነች የመጽሐፍ ምልክት ሰጥቼ ሸኘሁት።

የምኖረው ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የአገሩ ተወላጅ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ፈንጠር ብላ በተሠራች አንድ ክፍል ነበር። እትዬ እላቸው ነበር፤ እዚህም እትዬ ልበላቸው። የአገራቸውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ሲናገሩ የሚያምርባቸውን ያህል አማርኛ ያደክማቸዋል። በእሳቸው አማርኛ ሴት የሚባል ነገር የለም፤ እኔንም፣ ልጃቸውንም፣ ላማቸውንም «አንተ» ነበር የሚሉት። ዝምተኛ ናቸው። የኔን መዶሻ ድምፅ ሦስት ዓመት ሲችሉ አንድ ቀን አልገሠጹኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨትና ከሰል የምታመጣልን ሴት ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጫካው ዳር ከሚኖሩት ሰዎች ናት። የወገኖቿን ስም አልጽፈውም፤ በከተማው አፍ ስድብ ሆኖ ስለኖረ ከእጄ አይወጣም። የአገሩ ልማድ እነሱን ቤት አያስገባም ነበር። የማይበላ ይበላሉ ይባላል፤ ሲበሉ አየሁ የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። እንጨታቸው ይገባል፣ ከሰላቸው ይገባል፣ እነሱ ደጅ ይቀራሉ። ሲርባቸው ምግቡ በኮባ ቅጠል ይሰጣቸዋል። ደግ የሚባሉት ቤቶች ደግሞ ሌላው የቤት ሰው የማይነካው፣ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ሰሃንና ጣሳ ከቤት ውጭ ያስቀምጡላቸዋል።

እትዬ ደግ ከሚባሉት ነበሩ። እንጨት አምጪዋ ሸክሟን ስታራግፍ ገንፎ ወይም ቆጮ በጎመን ሳያበሉ አይሸኟትም። እሷም ከጓሮው ማድ ቤት ታዛ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትበላለች፤ የበላችበትን ራሷ ታጥባ ራሷ ቦታው ትመልሳለች። ለብዙ ዓመት እንደዚያ ኖረዋል። በካፊኖኖ እያወሩ ሲስቁ ክፍሌ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በዕድሜ ከእትዬ ትበልጥ እንደሁ እንጂ አታንስም፤ እኔ ግን አንዷን «አንቱ» ሌላዋን «አንቺ» ስል ምላሴን ምንም አልቆረቆረውም።

እኔ የተወለድኩት እዚያው ካፋ ውስጥ፣ ዋጫ ነው። አያቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ልማዱን ከአገሩ ሰው ተቀብለን በእኛም ቤት ያች ጣሳ አጥር ላይ ተሰክታ ትኖር ነበር። ይሁንና እኔ ተምሬያለሁ፤ ያውም የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው። ስለ ሰው ልጆች እኩልነት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ድምፄ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል ይሉኛል። እትዬንም አንድ ሁለት ጊዜ ምነው ይህችን ሴት ቢያስገቧት ብያቸው አውቃለሁ። ልጅ እንደሚታይ አይተውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በልቤ እፈርድባቸው ነበር። ልማዱ እሳቸው ውስጥ እንጂ እኔ ውስጥ የለም ብዬ አምን ነበርና። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለዚያ እምነቴ ነው።

እትዬ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ከሺሺንዳ ከአንድ ነጋዴ ቤት ሽማግሌዎች ሊላኩባት ቀን ተቆረጠ፤ እሑድ። እትዬ ሳሎኑን አስቀቡ፣ መጋረጃ አስለወጡ፣ ወንበር ተዋሱ። ከእንግዶቹ መቀመጫ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ግን ባዶ ሆነባቸው። ማክሰኞ ቀን መዶሻ ይዤ ወደተቀመጥኩበት መጥተው ቆሙ።

«አንተ ለሁሉ ሰው ሠራህ። ለእኔ ግድግዳ ምን ሠራህ?» አሉኝ።

በሦስት ዓመት ውስጥ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ነገር ስለነበር ልቤ ደስ አለው። ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ማንኪያ የወጣለት ክብ መስታወት እሠራለሁ አልኳቸው። መስታወት ቤት ሄጄ ክቡን አስቆረጥኩ፣ ለጀርባው ችፑድ አስቆረጥኩ። ማንኪያዎቹ እጀታቸው ከመስታወቱ ሥር ተደብቆ ጎድጓዳው ብቻ ወደ ውጭ እንዲታይ ነው ሐሳቤ። በእርሳስ ከፋፍዬ ብለካው ሃያ አራት ሲሆን ክቡ ይገጥማል። ሁሉም ደግሞ ያ ናስ የሆነው ከባዱ ዓይነት እንዲሆኑ ፈለግሁ፤ ፀሐይ ግማሹ ነጭ ግማሹ ቢጫ አይሆንም። ማዳበሪያውን ዘርግፌ ብለቅም ያገኘሁት ሃያ ሦስት ነው።

አንዷን ፍለጋ ሐሙስን ሙሉ ዞርኩ። ሆቴሉም፣ ጓደኞቼም፣ በያጁም የላቸውም። ማታ ላይ ለእትዬ ሳማርር ከማድ ቤቱ ያገኘኸውን አሮጌ ነገር ውሰድ አሉኝ። ዓርብ ጠዋት ማድ ቤቱን ፈትሼ ስወጣ ከታዛው ሥር፣ በጣራውና በግድግዳው መካከል የተሰካች ማንኪያ አየሁ። ስመዝናት ከባድ ናት፤ በጥፍሬ ብፍቃት ቢጫዋ ታየ። ለምን እዚያ እንደተሰካች አልጠየቅሁም። አላየሁም ብል እዋሻለሁ፤ ሰሃኑም ጣሳውም አጠገቧ ነበሩ። ዓይኔ ግን የተመለከተው ማንኪያዋን ብቻ ነው። ሥራ ሲይዘኝ እንዲህ ነኝ። ከሃያ ሦስቱ ጋር ከሰል ላይ ጣልኳት፤ ከእነሱ ጋር አጋልኳት፣ ደበደብኳት፣ ፈተግኳት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መስታወቱ ተሰቀለ። ልጅቷ ፊቷን አየችበት፤ እትዬ ደግሞ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አንዱን ጨረር በጣታቸው ጫፍ ነኩና ሳቁ።

ቅዳሜ እንጨት አምጪዋ ለድግሱ ተብሎ ሁለት ሸክም አመጣች። የቅርብ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሴትዮም ሥራ ሊያግዙ መጥተው ጓሮው ላይ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። እትዬ ገንፎውን በውጪው ሰሃን አድርገው አወጡና ለማንኪያዋ እጃቸውን ወደ ታዛው ሰደዱ። አጧት። በእጃቸው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱ። እንጨት አምጪዋም ወድቃ ይሆናል ብላ ሣሩ ውስጥ መፈለግ ጀመረች። እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ከክፍሌ ስወጣ ሁለቱም አጎንብሰው አገኘኋቸው። ምን እንደጠፋ ከመጠየቄ በፊት ገባኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት። መስታወቱ ላይ ናት» አልኩ።

እትዬ ሰሃኑን እንደያዙ ቆሙ። ቀድመው አፋቸውን የከፈቱት ጎረቤታችን ናቸው። ነገ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከዚያ መስታወት ፊት እንደሆነ፣ የእነዚያ ሰዎች ማንኪያ ከሳሎን ተሰቀለ የሚለው ወሬ ሺሺንዳ ከደረሰ ልጅቷ በእናቷ ቤት እንደምትቀር፣ እትዬም ከዚያ በኋላ ማንም ቤታቸው እህል እንደማይቀምስላቸው አስረዱ። ክፋታቸውን ለመናገር አይደለም፤ እውነታቸውን ነበር። እንጨት አምጪዋ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ነቅዬ እጥላታለሁ አልኩና ጉጠቴን ይዤ ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

መስታወቱ ፊት ቆሜ ግን የቷን እንደምነቅል አላወቅሁም። ሃያ አራቱም አንድ ናቸው። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ልስላሴ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን። አንድ በአንድ በጣቴ ዞርኳቸው፤ ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ፤ ምንም። ከኋላዬ የመጡት ጎረቤታችን ያን ያህል ዓመት የበላችባት ሴት ታውቃታለችና ትጠየቅ አሉ።

ትጠየቅ ከተባለ እንግዲህ መስታወቱን ማየት አለባት። መስታወቱ ያለው ሳሎን ነው። እትዬ እኔን አዩኝ፣ እኔ ጎረቤታችንን አየሁ። ትግባ የሚል ቃል ከማናችንም አፍ አልወጣም። የሥነ ዜጋ አስተማሪዋም አፍ ውስጥ አልነበረም። መስታወቱን ከግድግዳው አውርጄ ተሸክሜ ወደ ጓሮ አወጣሁት።

ሁለት እጄን ዘርግቼ አቆምኩላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረበች፤ ግን አልነካችውም። መጀመሪያ ያየችው የራሷን ፊት ነው። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ከዚያ ዓይኗ ከላይ ጀምሮ ጨረሮቹን ተራ በተራ ዞረ። በስተቀኝ፣ ወደ ታች ገደማ ካለችው ላይ ሲደርስ ቆመ። እጄ መስታወቱን ስለያዘ ከእሷ ፊት የራቅሁት አንድ ክንድ ነው፤ ሲቆም በደንብ አይቼዋለሁ። ከዚያ አለፈና ዙሩን ጨረሰ።

«የኔ የለችም» አለች በካፊኖኖ።

ጎረቤታችን ደህና አድርገሽ እይ አሏት። የእሷ ማንኪያ እጀታዋ ላይ የጥርስ ምልክት እንዳለባት፣ ይህ የሌላ ቤት ማንኪያ እንደሆነ፣ የእሷን ምናልባት ቁራ ወስዷት እንደሚሆን እየተረጋጋች ተናገረች። እጀታዎቹ ሁሉ ከመስታወቱ ሥር ተደብቀዋል፤ ማንም ሊያስተባብላት አይችልም። ጎረቤታችን አስተማሪዋ ራሷ አምና የለም ወይ ብለው ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ ሴትዮዋን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ስንት ዓመት በዚያ ታዛ አጠገብ ሲስቁ የኖሩ ሴቶች ናቸውና እኔ የማላውቀውን ተባባሉ መሰለኝ። ከዚያ እትዬ ከእሷ በላይ ማን ሊያውቅ ነው አሉና ነገሩን ዘጉት። መስታወቱን ተሸክሜ ስገባ ግን እስከ በሩ ተከተሉኝ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ብታውቅም፣ የቱ እንደሆነ ለእኔ አታሳየኝ» አሉኝ።

ስመለስ ገንፎው ቆዳ ይዞ ነበር። እንጨት አምጪዋ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ማንኪያ የለም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አላሉም። ያኔ ወኔዬ መጣ። ወደ ክፍሌ ሮጬ በመጀመሪያ ደመወዜ ከገዛኋቸው ስድስት የማይዝጉ ማንኪያዎች አንዷን አመጣሁና ሰጠኋት። ጎረቤታችን ዓይናቸውን ወደ ሽንኩርታቸው መለሱ። ሴትዮዋ በላች። ስትጨርስ ማንኪያዬን በአመድ ሦስት ጊዜ አሽታ አጠበችና በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠችኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ልቤ በደስታ ሞላ። ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ከፍ ብሎ ነበር ቢሉኝ አይገርመኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መስታወቱ ተደነቀ፤ አንደኛው ሽማግሌ ተነሥተው ፊቱ ቆመው ጋቢያቸውን አስተካከሉበት። ልጅቷ ተጠየቀች፣ ተፈቀደች። ጎረቤታችንም፣ እውነቱን ለመመስከር፣ እኔ እስከማውቀው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ያች ማንኪያዬ ከአምስቱ እኅቶቿ ጋር ማንኪያ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ተመለሰች። ምልክት የላትም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ዐውቃታለሁ። ጠዋት ስኳር ልጨምር እጄን ስሰድ እጄ ሌላዋን ያነሣል። ሾርባ ስሠራ ሌላዋን። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ለእንግዳ የማቀርበው ሌላዋን ነው። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ሳስተውል ደግሞ ለራሴ የምሰጠው መልስ አላጣሁም፤ ያች ቀን መታሰቢያ ስለሆነች ነው የማልበላባት፣ ክብር ነው አልኩ። አንድ ቀን አምስቱም ሳይታጠቡ ቀርተው እሷ ብቻ ንጹሕ ሆና ተገኘች። የቆሸሸ ማንኪያ አንሥቼ አጠብኩ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። በተከታዩ ቅዳሜ ገንፎውን ይዘው ሲወጡ ማንኪያው ከሳሎኑ መሳቢያ የወጣ ነበር፣ ለሽማግሌዎቹ ከቀረቡት አንዱ። እንጨት አምጪዋ በላች፣ አጠበች፣ መለሰች። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አደራርቀው መሳቢያው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመሯት። ከዚያ ሄደው ምሳቸውን በሉ። በየትኛዋ እንደበሉ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ሴትዮዋን ግን ቤት አላስገቧትም፤ ስለ ነገሩም አንድ ቃል አልተናገሩም።

ክረምቱ ሲገባ የክፍሌን በር መጋረጃ ወደ ጎን የሚይዝ ማሰሪያ አስፈለገኝ። ማዳበሪያው ውስጥ ገና ስንት ማንኪያ አለ። እኔ ግን ቆርቆሮዬን ከፍቼ እሷን አነሣሁ። የማይዝግ ብረት እንደማይታጠፍ ከማንም በላይ የማውቅ ሰው ነኝ። አጋልኳት፣ አጠፍኳት፣ ተቃናች። እንደገና አጋልኳት። ጉጠቱ አመለጠኝና አውራ ጣቴን ተቃጠልኩ። በሦስተኛው ተጠመዘዘች። ያን ጊዜ ከደረቴ ላይ ሸክም የወረደልኝ ያህል ተነፈስኩ፤ ከእንግዲህ ማንኪያ አይደለችምና። ትንፋሼን ራሴ ሰማሁት። ምን እንደሠራሁ ያወቅሁት ያኔ ነው። አፈርኩ፤ ብቻዬን በቤቴ ውስጥ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አፈርኩ። ቢሆንም ማሰሪያዋን ከበሩ አጠገብ መታኋት፤ ቆንጆ ሆና ነበር።

ከሁለት ቅዳሜ በኋላ እትዬ ያገባች ልጃቸው ዘንድ ሺሺንዳ ሄደው ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። እንጨት አምጪዋ ሸክሟን ስታወርድ የእኛ አገር ዝናብ ወረደ፤ ታዛው የማያስጥለው ዓይነት። በሬን ከፍቼ ግቢ አልኳት። እምቢ አለች። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ግቢ አልኳት። መጥታ ከደፉ ላይ ቆመች፤ አንድ እግሯ ከውስጥ፣ አንድ እግሯ ከውጭ፣ ውሃው ከቀሚሷ ጫፍ እየተንጠባጠበ። ወንበር አቀረብኩላት፤ ቀሚሷን አሳየችኝና አልተቀመጠችም። ዓይኗ ክፍሌን እንግዳ እንደሚያይ በትሕትና ዞረና ከጎኗ ካለው መጋረጃ ላይ አረፈ። ከዚያ ማሰሪያዋ ላይ ቆመ።

አንድ ጊዜ ነው የበላችባት። አወቀቻት። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ ተሰብራ ነው ልበል፣ ከሌላ ቤት የመጣች ናት ልበል ስል፣ እሷ ቀደመችኝ።

«ታምራለች» አለችኝ በገበያ አማርኛዋ።

ከዚያ የሸክም ገመዷን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወጣች። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።